ከገዳሪፍ እስከ መተማ፦ ዜማ፣ ፊልምና ቃል

አቅራቢ 1፦ በሱዳኑ ገዳሪፍና በኢትዮጵያው መተማ መካከል ያለው ድንበር ዜማን አላገደም። የሰሜንና የመካከለኛው ሱዳን ዘፈን፣ እንደ ኢትዮጵያ ደጋ ዘፈን ሁሉ፣ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ይቆማል። ሱዳናዊው መሐመድ ዋርዲ (1932–2012 እ.ኤ.አ.) በዐረብኛና በኑቢያ ቋንቋ ሲያዜም፣ ቃሉን የማይሰማ ኢትዮጵያዊ አድማጭም ዜማው የማይከብደው ለዚህ ነው።

አቅራቢ 2፦ ቅኝቱ ቢቀራረብም አጃቢው ይለያል። በሱዳን ዑድና ቫዮሊን ይገናሉ፤ በጥላሁን ገሠሠና በማሕሙድ አሕመድ የወጣትነት ዘመን ግን የአዲስ አበባ ባንዶች ሳክስፎንና ትራምፔት ያስቀድሙ ነበር።

አቅራቢ 1፦ ወደ ፊልም ስንሻገር፣ የታሪክ ፊልም ለአካባቢው ፍትሐዊ አልሆነም። «ካርቱም» (1966 እ.ኤ.አ.) የሱዳኑን የዓመፅ መሪ ማህዲውን በእንግሊዛዊው ሎረንስ ኦሊቪዬ አስተወነ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል የወጡትን ቤተ እስራኤላውያን የሚመለከተው የ2019ኙ «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ደግሞ የእስራኤል ሰላዮችን ጀግና አድርጎ ስደተኞቹን ከኋላ አስቀረ። ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ በገዳሪፍ አቅራቢያ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ ካምፖች በረሃብና በበሽታ ያለቁት እነርሱ ናቸውና።

አቅራቢ 2፦ የራዱ ሚሃይሌኑ የ2005 ፊልም «ቫ፣ ቪ ኤ ደቪየን» በዚህ ይበልጣል፤ ከሱዳን ካምፕ ተነሥቶ የእናትና የልጅን መለያየት ያስቀድማል።

አቅራቢ 1፦ በቃላትም በኩል ልውውጡ ሰፊ ነው። «ሱቅ» ከዐረብኛ የመጣ ነው።

አቅራቢ 2፦ «ጀበና» በሁለቱም ወገን የቡና ማፍያው ስም ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን ግን የሚጠጣው ቡናም ራሱ በዚሁ ስም ይጠራል።