ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የጨረር ሕክምና መቼ ይጀመር?



ዛሬ የማቀርበው ንግግር የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት፣ ነገር ግን ካንሰሩ ሊመለስበት ይችላል ተብሎ የሚሠጋለት ታካሚ የጨረር ሕክምናውን ወዲያውኑ ይውሰድ ወይስ ምልክት እስኪታይ ይጠብቅ? ጥያቄው የቀጠሮ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። በውስጡ ግን ምናልባት ከበሽታው የዳነን ሰው ማከም ተገቢ ነውን የሚል ከባድ ጥያቄ አለ።

በቅድሚያ መነሻውን ላስረዳ። የወጣው ዕጢ በፓቶሎጂ ሲመረመር፣ ካንሰሩ የፕሮስቴቱን ሽፋን አልፎ፣ ወደ ዘር ፈሳሽ ከረጢቶች ዘልቆ ወይም እስከ ተቆረጠው ጠርዝ ደርሶ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ለዓይን የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት በሥፍራው ቀርተው ሊሆን ይችላል፤ ላይቀሩም ይችላሉ። ለዚህ ፍንጭ የሚሰጠን በደም ውስጥ የሚለካው ፒኤስኤ ነው። ይህ ፕሮቲን በአመዛኙ የሚመነጨው ከፕሮስቴት ሕዋሳት ስለሆነ፣ ዕጢው ከወጣ በኋላ ሊለካ እስከማይችል ድረስ መውረድ ይኖርበታል። ከወረደ በኋላ ተመልሶ መጨመር ከጀመረ ግን በሽታው እንደተመለሰ ያመለክታል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባላችን ወዲያውኑ ጨረር መስጠትን የሚደግፍ ይመስላል። ቀደምት ጥናቶችም ይህንኑ ያጠናከሩ ነበሩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረውና 425 ያህል ታካሚዎችን ያካተተው ጥናት፣ ቀጥሎም በአውሮፓና በጀርመን የተካሄዱት ጥናቶች፣ ወዲያውኑ ጨረር በወሰዱት ዘንድ የፒኤስኤ ማገርሸት መቀነሱን አሳይተዋል። ሆኖም ንጽጽሩን ልብ እንበል። በእነዚያ ጥናቶች ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው መካከል ብዙዎቹ ጨረር ያገኙት ዘግይተው ነበር፤ ጭራሹን ያላገኙም ነበሩ። ስለዚህ ጥናቶቹ ወዲያውኑ መስጠት ከማዘግየት እንደሚሻል እንጂ፣ ነቅቶ ከመጠበቅና ፒኤስኤ ገና ዝቅተኛ ሳለ ከመጀመር እንደሚሻል አላረጋገጡም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሦስት ጥናቶች ተካሄዱ፦ በብሪታንያ፣ በዴንማርክ፣ በካናዳና በአየርላንድ 1,396 ታካሚዎችን ያካተተው ራዲካልስ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 333 ታካሚዎችን ያካተተው ሬቭስ፣ በፈረንሳይ 424 ታካሚዎችን ያካተተው ጌቱግ 17። ታካሚዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ወዲያውኑ ታከመ፤ ሁለተኛው በክትትል ቆይቶ ፒኤስኤ ሲጨምር ብቻ ታከመ። በራዲካልስ ሕክምናው የሚጀመርበት መጠን በሚሊ ሊትር 0.1 ናኖግራም ወይም ሦስት ተከታታይ ጭማሪ ነበር፤ በሌሎቹ ሁለት ጥናቶች 0.2 ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሦስቱ ውጤት በአንድነት ሲተነተን፣ በአምስተኛው ዓመት ካንሰሩ ሳያገረሽባቸው የቆዩት በአንደኛው ወገን 89 በመቶ፣ በሁለተኛው 88 በመቶ ሆኑ። በክትትል ከተመደቡት 1,078 ሰዎች መካከል እስከ ትንተናው ጊዜ ጨረር ያስፈለጋቸው 421 ብቻ ነበሩ። ከአሥሩ ስድስቱ ገደማ እስከዚያ ድረስ ከሕክምናው ጉዳት ተርፈዋል ማለት ነው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በራዲካልስ ወዲያውኑ የታከሙት ከአንድ ዓመት በኋላ ሽንት የመቆጣጠር ችግራቸው የባሰ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከባድ የሽንት ቱቦ መጥበብ የደረሰባቸውም 6 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን 4 በመቶ ነበሩ።

ይሁንና መደምደሚያውን ከልኩ እንዳናሳልፈው አሳስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው የራዲካልስ ውጤት፣ በአሥረኛው ዓመት ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ያልተዛመተባቸው 93 እና 90 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ወዲያውኑ ወደ መታከም ቢያደላም፣ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑ አልተረጋገጠም። በሕይወት የቆዩት ደግሞ 88 እና 87 በመቶ ነበሩ። በተጨማሪም እጅግ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው፣ ለምሳሌ ካንሰሩ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች የተዛመተባቸው ታካሚዎች በጥናቶቹ ውስጥ ጥቂት ነበሩ። ለእነርሱ ወዲያውኑ መታከም ዛሬም ሊመከር የሚገባ አማራጭ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ተብሎ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። በእነዚህ ጥናቶች መጠበቅ ማለት ችላ ማለት አልነበረም። ፒኤስኤ በጊዜው ይለካል፤ ውጤቱን የሚያነብ ሐኪም አለ፤ ሲጨምርም የጨረር መሣሪያው ዝግጁ ነው። በአገራችን ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ማዕከላት ወደ ክልሎች መድረስ መጀመራቸው ተስፋ ሰጪ ቢሆንም፣ ከሩቅ ለሚመጣና ምርመራውን ከኪሱ ለሚከፍል ታካሚ ክትትል አሁንም ከባድ ነው። ፒኤስኤው ጨምሮ ሳለ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የጥናቱን ውጤት ያገኛል ብለን ልንነግረው አንችልም። ሕክምናው ይበልጥ የሚሠራው ፒኤስኤ ከ0.5 ሳያልፍ ነውና።

ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ታካሚያችሁን «እንጠብቅ» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አረጋግጡ፦ ቀጣዩ ምርመራ መቼና የት እንደሚደረግ፣ ውጤቱን ማን እንደሚከታተል፣ ከጨመረ በስንት ሳምንት ውስጥ ጨረር እንደሚጀመር። እነዚህ በታካሚው መዝገብ ላይ በግልጽ ከተጻፉ መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነው። ካልተጻፉ ግን ጥናቶቹ የፈተኑትን መንገድ እየተከተልን አይደለም።