በገዛ ግቢ የሥራ ክፍል ስለ ማቋቋም

አንደኛው አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፥ የአዲስ አበባ ባለ ግቢ መኪናውን ከሚያቆምበት ጥላ ሥር በገዛ እጁ የሥራ ክፍል ሊያቋቁም በተነሣ ጊዜ፥ ወደ መርካቶ ከመገስገሱ አስቀድሞ ወለሉን ሊያስብ ይገባዋል፤ የክረምት ጎርፍ የሚገባበት መሬት በሲሚንቶ ካልተሞላና ከግቢው ከፍ ካላለ፥ የብረቱ ዝገት የእንጨቱም መጣመም አይቀርምና።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ እውነት ነው፥ ወንድሜ፤ እኔ ግን ይልቁን ለጠረጴዛው እሟገታለሁ። ከፍታው ቆሞ እጁን ወደ ታች ለሰደደ ሰው እስከ አንጓው ሊደርስ፥ እግሮቹም መላጊያ ሲገፋ እንዳይንቀጠቀጡ በቅጡ ከደረቀ ወፍራም ጠርብ ሊሠሩ ይገባል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ዋንዛ ያገኘ ምስጉን ነው። ሞርሳውም ከጠረጴዛው እግር አናት ላይ ይታሰር፤ ከመሐል ቢታሰር ገበታው ይርገበገባል።

አንደኛው፦ መሣሪያውንስ እንደምን ይመርጣሉ?

ሁለተኛዋ፦ ጥቂቱን፥ ነገር ግን ደኅናውን፤ መጋዝ፥ መሮ፥ መዶሻ፥ መላጊያ። መደርደሪያውንና ማንጠልጠያውን ግን፥ አሮጌ ብረት ወደ አዲስ ዕቃ ከሚለወጥበት ከምናለሽ ተራ ማግኘት ይቻላል።

አንደኛው፦ ስለ ኤሌክትሪኩ ዝም ማለት አይቻለኝም። በ220 ቮልት የሚሠራ ግራይንደር ከሳሎን በተጎተተ ቀጭን ሽቦ ማሠራት ነፍስን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው፤ ራሱን የቻለ መስመር ከነመሬት ሽቦው በባለሙያ ይዘርጋ፥ ዓይንም ያለ መነጽር አይቅረብ።

ሁለተኛዋ፦ እኔ ደግሞ ስለ ክፍሉ በር አንድ ቃል ልጨምር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ተግባረ እድ ክቡር መሆኑን ትውልድ እንዲያውቅ፥ የክፍሉ በር ልጆች ቆመው በሚያዩበት ወገን ይከፈት፥ ዕድሜያቸው የደረሰውም መሮ መሳል ይማሩ እላለሁ።