ገመዱ ለምን ተበጠሰ?

በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



የምናገረው ስለ ፊዚክስ ነው፤ የምጀምረው ግን ከማንጎ ዛፍ ሥር ነው።

አሶሳን የሚያውቅ ሁሉ ማንጎዋን ያውቃል። ባለፈው ክረምት እኛም በሰፈራችን ካለው ትልቅ ማንጎ ላይ ዥዋዥዌ ለመሥራት አስበን ከገበያ የቃጫ ገመድ ገዛን። ሻጩ ሽማግሌ «ይህ ገመድ ሁለት ልጅ ይሸከማል» አሉን። እኛም ቃላቸውን ብቻ አምነን አልቀረንም፤ ገመዱን ካሰርን በኋላ ሁለት ሆነን ተንጠለጠልንበት፤ ቻለን። በሦስተኛው ቀን ግን አንዱ ጓደኛችን መቀመጫውን እንደ ያዘ በአጠገቡ ካለው ሌላ ማንጎ ላይ ወጣና ከዚያ ራሱን ለቀቀ። ልክ ከታች ሲደርስ ገመዱ ተበጠሰ፤ የልጁም ክንድ ተሰበረ። ሰፈሩ በሙሉ በሻጩ ላይ ፈረደ። «የበሰበሰ ገመድ ሸጠው ልጅ ሊያስገድሉ ነበር» ተባለ፤ ይህን ከተናገሩት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ ስለ ፔንዱለም፣ ይኸውም በክር ታስሮ ወዲያና ወዲህ ስለሚወዛወዝ ነገር፣ ስንማር ያ ገመድ ትዝ አለኝና በደብተሬ ጠርዝ ላይ ሒሳቡን መሥራት ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ያሰብሁት ኃይልን እየተከታተሉ መሄድን ነበር። ይህ ግን አድካሚ ሆነብኝ። ልጁ ከላይ ወደ ታች ሲመጣ የሚሄድበት አቅጣጫ በየቅጽበቱ ይለወጣል፤ የገመዱም ጉተታ እንዲሁ። ሁሉን በየቅጽበቱ ልያዝ ቢሉ ወረቀቱም ትዕግሥቱም ያልቃል። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ መልኩን ብቻ ይለውጣል የሚለው ሕግ ግን ከዚህ ድካም ያወጣናል። የሚጠይቀን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በመነሻው ምን ያህል ነበረ? በመድረሻው ምን ያህል አለ?

እዚህ ላይ «ገመዱ ራሱ ጉልበት አይሰጥምን?» የሚል ቢኖር ጥያቄው መልካም ነው፤ እኔንም አንድ ሌሊት አሳስቦኛል። ገመዱ ልጁን ሁልጊዜ የሚስበው ወደ ቅርንጫፉ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሄደው በጎን ነው። በሚሄድበት መንገድ ላይ ፈጽሞ ስለማይስበው ጉልበት አይጨምርለትም፣ አይቀንስበትምም። አቅጣጫውን ብቻ ያጣምመዋል።

ጣሊያናዊው ጋሊሌዎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ነገር የሚያስደንቅ ፈተና ጽፏል። ክሩ ከተሰቀለበት ቦታ በታች ሚስማር ተክሎ የሚወዛወዘው ክር በሚስማሩ እንዲያዝ አደረገ። ክሩ በመካከል ቢያጥርም ኳሱ በሌላው ወገን የሚወጣው እስከ ተለቀቀበት ከፍታ ድረስ ነው። እቤት በክርና በድንጋይ ሞክሬዋለሁ፤ ነፋሱ ጥቂት ከመስረቁ በቀር እውነት ነው።

አሁን ወደ ማንጎው እንመለስ። ገመዱ 4 ሜትር ነበረ። ጓደኛዬ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ራሱን የለቀቀውም ከዝቅተኛው ቦታ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። የስበትን ቁጥር 10 ብለን ብንወስድ በላይ ሳለ የነበረው እምቅ ጉልበት 50 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በ3፣ ማለት 1,500 ጁል ነው። ከታች ሲደርስ ይህ ሁሉ የእንቅስቃሴ ጉልበት ሆኗል። የእንቅስቃሴ ጉልበት የክብደቱ እኩሌታ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ስለሆነ የፍጥነቱ ካሬ 60 ይሆናል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 7.7 ሜትር ገደማ፣ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ነው። ሕፃንም ቢሆን ትልቅ ሰው ከዚያው ከፍታ ቢለቀቅ ፍጥነቱ ይኸው ነው።

ከታች ሲደርስ ገመዱ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛ፣ የልጁን ክብደት 500 ኒውተን ይሸከማል። ሁለተኛ፣ በቀጥታ ሊፈተለክ የሚፈልገውን ልጅ በክብ መንገድ እንዲዞር ይጎትተዋል፤ ለዚህም 50 በ60 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 750 ኒውተን ያስፈልጋል። ድምሩ 1,250 ኒውተን! ሁለት ሆነን ስንንጠለጠል ግን የጫንንበት 1,000 ብቻ ነበረ። እንግዲህ አንድ የሚወዛወዝ ልጅ ከሁለት ተኩል ልጅ ጋር እኩል ሆነ። ገመዱ እስኪጋደም ድረስ ከፍ ተደርጎ ቢለቀቅ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ገመዱ ረዘመም አጠረም ይህ አይለወጥም።

ይህ ሒሳብ ለልጆች ጨዋታ ብቻ የሚሆን አይምሰላችሁ። በክልላችን በጉባ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የግድቡ ቁመት 145 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ስለሚመዝን 100 ሜትር ሲወርድ አንድ ሚሊዮን ጁል ይሰጣል፤ በየሰከንዱ አንድ ሜትር ኩብ ቢወርድ አንድ ሜጋ ዋት ማለት ነው፤ ከዚህ ላይ በመንገድ የሚባክነው ይቀነሳል። ውኃው በቧንቧው ውስጥ ቢጣመምም ቢቃናም፣ እንደ ጓደኛዬ ሁሉ፣ የሚቆጠርለት የወረደው ከፍታ ነው።

ሒሳቡን ከጨረስሁ በኋላ ደብተሬን ይዤ ወደ ገበያ ሄድሁ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። ከዚያም «ልጄ፣ የቆመ አህያ የማይበጥሰውን ገመድ የደነበረ አህያ እንደሚበጥሰው እኔ ድሮም አውቃለሁ፤ ልትወዛወዙበት እንደ ሆነ መች ነገራችሁኝ?» አሉኝ። ተነሥተውም ወፍራሙን ገመድ መረጡልኝ፤ ከዋጋው ግን አንድ ብር አልቀነሱልኝም።