ነፋስ ውቅያኖስን የሚጎትትበት ኃይል
አቅራቢ 1፦ ነፋስ በውቅያኖስ ገጽ ላይ ሲያልፍ ውሃውን በሰበቃ እየጎተተ ማዕበልንና የባሕር ጅረትን ያስነሣል፤ የጉተታው ኃይል ከነፋሱ ፍጥነት ካሬ ጋር የሚያድግ ሲሆን፣ የገጹን ሸካራነት የሚያመለክተው የጉተታ መለኪያ ቁጥርም ማዕበሉ በበረታ መጠን ከፍ ይላል።

አቅራቢ 2፦ ይሁን እንጂ የመለኪያ ቁጥሩ ዕድገት ወሰን አለው፤ ተመራማሪው ማርክ ፓወልና ባልደረቦቹ ሃሪኬን ወደሚባሉት ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋሶች ከአውሮፕላን በተጣሉ መሣሪያዎች የተሰበሰበውን መረጃ መርምረው በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ነፋሱ በሰከንድ ከ33 ሜትር ገደማ ሲያልፍ መለኪያ ቁጥሩ መጨመሩን እንደሚያቆም አሳይተዋል።

አቅራቢ 1፦ ለዚህ ምክንያት የሚሆነው ምንድን ነው?

አቅራቢ 2፦ ከሚሰባበረው ማዕበል የሚወጣው አረፋና ርጭት ገጹን እየሸፈነ ነፋሱ በላዩ እንዲንሸራተት ያደርጋል ተብሎ ይታመናል።

አቅራቢ 1፦ እንግዲህ ሃሪኬንን የሚገታው ሰበቃ ቀድሞ ከተገመተው ያነሰ በመሆኑ፣ ይህን በትክክል ማስላት የጠረፍ ነዋሪዎችን ሕይወት ለሚታደግ ትንበያ እጅግ አስፈላጊ ነው።