ስማቸው ሳይጠራ የሚያገለግሉ
(በትምህርት ቤታችን የሃምሳኛ ዓመት በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የዚህ በዓል አዘጋጆች ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ንግግር እንዲያደርግ ወስነው ዕጣው ለእኔ በወጣ ጊዜ፥ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። ስለ ትምህርት ጥቅም እንዳልናገር፥ ይህን ከእኔ ይልቅ መምህሮቼ ያውቁታል። ስለ ሥነ ምግባር እንዳልናገር፥ ጓደኞቼ ጠባዬን ስለሚያውቁ ይስቁብኛል። በመጨረሻ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሕሊናዬን ሲወቅሰው የኖረ አንድ ዕዳ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው፥ ሠራተኞችንና ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉትን ሰዎች ስለ ማመስገንና ስለ መሸለም ነው።

ዕዳዬ እንዲህ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በፈተናው ሰሞን መብራት በየማታው ይጠፋ ነበር። አዳሪ ቤቱ በጨለመ ጊዜ በግቢው ውስጥ የሚበራው አንድ ፋኖስ ብቻ ነበር፤ እርሱም የዘበኛችን ፋኖስ ነው። እርሳቸውም መጽሐፍ ይዤ ስንከራተት አይተው፥ «ና ልጄ፥ ተጠጋ» ብለው ወደ ጎጆአቸው አስገቡኝ። በርጩማቸውን ለእኔ ለቀው፥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደጅ ይቆሙ ነበር። እንዲህ እያልሁ አሥራ አንድ ሌሊት በብርሃናቸው አጠናሁ። የላምባውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

በሰኔ ወር የሽልማት ቀን ደረሰና ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ አንድ መዝገበ ቃላት ተሸለምሁ። በድምፅ ማጉያው ፊት ቆሜ ዲሬክተሩን፥ መምህራንን፥ አባቴንና እናቴን አመሰገንሁ፤ ሰውም ሁሉ አጨበጨበልኝ። በማግሥቱ በበሩ ሳልፍ ዘበኛችን «እንኳን ደስ ያለህ» ብለው መጽሐፉን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና፥ «ስምህ የተጻፈው የቱ ላይ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ፊደሉን በጣታቸው እየዳሰሱ፥ «መልካም ነው፤ ስም እንዲህ ተጽፎ ሲገኝ ደስ ይላል» አሉ። ሌላ አንዳች አልተናገሩም፤ አልወቀሱኝምም። እኔ ግን ከበሩ ብዙ ሳልርቅ ያ ፋኖስ ትዝ አለኝና ፊቴ በእፍረት ጋለ። ተመልሼ አመሰገንኋቸውን? አላመሰገንኋቸውም። ሦስት ዓመት ሙሉ፥ «እንደምን አደሩ፥ አባባ» እያልሁ አለፍሁ እንጂ።

ወገኖቼ ሆይ፥ አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት እውነት ነው። ደወሉ በሰዓቱ ሲደወል ማንም አያስተውልም፤ አምስት ደቂቃ የዘገየ ቀን ግን ግቢው ሁሉ ያወራል። ወጡ ሲጣፍጥ ዝም ብለን እንበላለን፤ ጨው ሲበዛበት ግን ወጥ ቤቶቹን እናማለን። አንዳንድ ሥራ እንዲህ ነው፤ ሲበላሽ ይታያል፥ ሲሳካ ግን አይታይም። ምስጋናም ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። በወንጌል እንደ ተማርነው፥ ከለምጻቸው ከነጹት አሥር ሰዎች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ከዘጠኙ ጋር ነበርሁ።

ይህ የመርሳት በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ታሪክም ይመሰክራል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 ሄንሪ ዱናንት የተባለ የጄኔቭ ነጋዴ ለጉዳዩ ወደ ሰሜን ኢጣሊያ ሲጓዝ፥ የሶልፌሪኖ ጦርነት ከተደረገበት ስፍራ አጠገብ ደረሰ። በሺሕ የሚቆጠሩ ቁስለኞች የሚረዳቸው አጥተው ወድቀው ባየ ጊዜ ጉዳዩን ትቶ፥ በካስቲሊዮኔ ከተማ ከሚኖሩ ሴቶች ጋር ወዳጅና ጠላት ሳይለይ ያስታምም ጀመር። በ1862 ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚህም ሐሳብ በ1863 የቀይ መስቀል ማኅበር ተወለደ። የእኛም ሀገር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚሁ መሠረት ነው።

ታዲያ ዱናንት ምን ዋጋ አገኘ? ንግዱ ከሠረ በኋላ ከከተማው ወጥቶ፥ በድህነት ከአገር አገር ሲዞር ኖረ። ማኅበሩ በዓለም ሲስፋፋ መሥራቹን ዓለም ረሳው። በ1895 አንድ ጋዜጠኛ በስዊስ አገር ሃይደን በምትባል ትንሽ ከተማ አግኝቶት ስለ እርሱ ጻፈ፤ በ1901 የመጀመሪያው የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእርሱና ለፈረንሳዊው ለፍሬዴሪክ ፓሲ ተሰጠ። ያን ጊዜ ዱናንት የ73 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። ምስጋናው ደረሰ፤ ነገር ግን ምን ያህል ዘገየ! ከእርሱ ጋር ውሃ ሲቀዱና ቁስል ሲያጥቡ የነበሩትን የካስቲሊዮኔ ሴቶች ስምማ ዛሬ ስንቱ ሰው ያውቃል?

በሀገራችንም ሽልማት እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንት ዘመን በጦር ሜዳ ለደከመ ጀግና ለምድና ጋሻ ይሸለም ነበር። ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በፈረንጆች 1964 ሠዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን፥ በ1966 ደግሞ ደራሲውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሸልሟል። በእኛ ዘመን ደግሞ በ2005 ዓ.ም. የበጎ ሰው ሽልማት ተጀምሮ ለሀገር የደከሙ ሰዎች ይመሰገኑበታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1985 ባደረገው ውሳኔ፥ ዲሴምበር 5 በየዓመቱ የበጎ ፈቃድ አገልጋዮች ቀን ሆኖ ይከበራል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ነገር ግን የሀገር ሽልማት የእያንዳንዱን ግቢ በርና ወጥ ቤት ሊያይ አይችልም። በአጠገብ ያለውን ሰው ማየት ያለበት በአጠገቡ ያለው ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «ሠራተኛ ደመወዙን ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለተቆጠረው ሥራ ነው፤ እነዚያ አሥራ አንድ ሌሊቶች ግን በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ አልተጻፉም። ይሁን እንጂ ምስጋና የደመወዝ ምትክ አይደለም። ልጆቹን ማብላት ላቃተው ሰው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሰጥቶ ማሰናበት ማመስገን ሳይሆን ማላገጥ ነው።

ሌላው ደግሞ፥ «ሽልማት ቅናትን ያመጣል» ይላል። ይህም አልፎ አልፎ እውነት ነው። ሽልማቱ ለአለቃ ወዳጅ ወይም ለባለጸጋ ብቻ ከተሰጠ፥ አንዱን አስደስቶ ብዙውን ያሳዝናል። ለሁሉም በተራ የሚታደል ከሆነም ማንም አይኮራበትም። እንዲሁም፥ «ስለ መልካም አገልግሎትዎ» ብቻ የሚል ወረቀት ለማንም ቢሰጥ ስለሚሆን የማንም አይደለም። እውነተኛ ምስጋና ግን ሥራውን ለይቶ ይናገራል፤ ማን፥ መቼ፥ ምን እንዳደረገ ይጠራል። ተመስጋኙም ያን ጊዜ፥ «ለካ አይተውኛል» ይላል።

በትምህርት ቤታችን ደመወዝ የማይቀበሉ አገልጋዮችም አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለታናናሾቻችን ሒሳብ የሚያስጠኑ ተማሪዎች አሉ፤ የቤተ መጻሕፍቱን የተቀደዱ መጻሕፍት ተቀምጠው የሚጠግኑ እናቶች አሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው፥ ይህ ቤት ሃምሳ ዓመት የቆመው ሸክሙን በተካፈሉት ሁሉ ነው።

እንግዲህ በክፍል ጓደኞቼ ስም ሦስት ነገር በትሕትና እለምናለሁ። አንደኛ፥ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ የአገልግሎት መዝገብ ይቀመጥ፤ በየዓመቱ የተመረጡ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ስማቸው ከሥራቸው ጋር ይጻፍበት። ሁለተኛ፥ ምርጫው በመምህራን ብቻ ሳይሆን በተማሪዎች፥ በወጥ ቤቶች፥ በጽዳት ሠራተኞችና በዘበኞችም ይሁን፤ የሌሊቱን ሥራ የሚያውቀው ሌሊት የነቃ ነውና። ሦስተኛ፥ የተጻፈው በሽልማት ቀን በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ለሰው በቁሙ ያልተነገረ ምስጋና በቀብሩ ቀን ቢነገር ለማን ይጠቅማል?

የዚህ ነገር ጊዜ ዛሬ ነው፤ ነገ አይደለም። ዘበኛችን ሠላሳ አንድ ዓመት ካገለገሉ በኋላ በዚህ በሰኔ ወር ጡረታ ይወጣሉ። እኔም በዚያው ወር ተፈትኜ እሄዳለሁ። ዛሬ ካልተናገርሁ ዕዳዬን ይዤ መሄዴ ነው። ክቡር ዲሬክተራችን ልመናችንን ሰምተው መዝገቡ እንዲከፈት ፈቅደዋል፤ ከንግግሬ በኋላ የመጀመሪያውን ስም እርሳቸው ስለሚያነቡ እኔ አልቀድማቸውም።

አባባ፥ ዛሬ በበሩ ሳይሆን በመካከላችን ተቀምጠው ስላየሁዎ ደስ ብሎኛል። ስለዚያ ፋኖስ፥ ስለዚያ በርጩማ፥ ስለ አሥራ አንዱ ሌሊት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ዓመት ስለ መዘግየቴም ይቅር ይበሉኝ። በፈቃድዎ እንደምናገረው፥ በእነዚህ በቀሩት ሳምንታት በየማታው ወደ ጎጆዎ እየመጣሁ ፊደል ላስቆጥርዎ ተስማምተናል፤ እስካሁን ሰባት ቤት ደርሰናል። መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ስምዎን ሌላ ሰው ሳያሳይዎ ራስዎ አግኝተው እንዲያነቡት ነው።

እናንተም ጓደኞቼ ሆይ፥ ዛሬ ወደየቤታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት፥ ያላመሰገናችሁት አንድ ሰው በዚህ ግቢ እንዳለ አስቡ። ካለ፥ ሦስት ዓመት አትጠብቁ።