ሕሙም ራሱን ሲመረምር
ስለ ሶሪያሲስ፣ ስለ አንጀትና ስለ ማስረጃ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር




ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ሰውን ፈጥኖ የሚገድል ደዌ አይደለም፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር፣ አንድ ጊዜ የሚያገረሽ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ሳይታወቅ ፋታ የሚሰጥ ሕመም ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ወር ያህል የሚፈጀው የቆዳ መታደስ በዚህ ሕመም በጥቂት ቀናት ይፈጸማል። ስለሆነም ያልበሰሉ ሕዋሳት በክርን፣ በጉልበትና በራስ ቅል ላይ እየተደራረቡ ብርማ ቅርፊት ይሠራሉ። ምንጩም ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ጀርም ሳይሆን መንገዱን የሳተ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ነው።

በአውሮፓ ይህ ሕመም ከሥጋ ደዌ ጋር ሲምታታ ኖሮ በግልጽ የለየው የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ በ1841 ነበር። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም የጤና ጉባኤም በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ ሶሪያሲስ ሥር የሰደደ፣ የማይተላለፍና ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም መሆኑን አውቆታል። ሆኖም ሐኪም የለየውን ሁሉ ጎረቤት አልለየውም። በኢትዮጵያ ሕሙሙ ሕመሙ ጭርት ነው፣ ቋቁቻ ነው፣ አልፎም የሥጋ ደዌ ነው ሲባል ይሰማል፤ እጁን በእጅጌው ይሸፍናል፤ ከማዕድ ፈቀቅ ይላል። በአንድ መሶብ ዙሪያ በሚበላበት አገር እጅን መደበቅ ቀላል ቅጣት አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ቢኖርም፣ መግለጥ የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚያውቀው ሕሙሙ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በራሱ ላይ ሙከራ ቢጀምር ሊያስደንቅ አይገባም። ቅባቱ ይሰለቸዋል፤ የመድኃኒቱ ዋጋ ይከብደዋል፤ ፋታው የመጣው ከበላው ወይም ከተወው ምግብ ይመስለዋል። አንዱ ወተት ይተዋል፤ ሌላው በርበሬ፤ ሦስተኛው «ሕመሙ ከአንጀት ነው» ብሎ የሆድ ማጽጃ ይጠጣል። በዚህ ጊዜ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ወይም በምርመራ ክፍሉ ውስጥ የሚያገኘው ባለሙያ ምን ሊመልስለት ይገባል? የዚህ ንግግር ጥያቄ ይኸው ነው።

ለመልሱ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይረዳል። ቫልተር ሽቬክንዲክ የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ራሱ የሶሪያሲስ ሕሙም ነበር። ሕመሙ የመጣው ሰውነት ከምግብ ኃይል በሚያመነጭበት ዑደት ውስጥ የሚገኘው ፉማሪክ አሲድ በመጓደሉ ነው ብሎ ገመተ። አሲዱ ራሱ ከአንጀት በደንብ ስለማይሰርጽ፣ ኤስተር የሚባለውን ውላጁን በራሱ ላይ ሞከረና ያገኘውን በጎ ውጤት በ1959 በሕክምና መጽሔት አሳተመ። ነገሩ በዚያ ቢቀር ኖሮ የአንድ ሰው ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ግን አልቀረም፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በኔዘርላንድ በባዶ እንክብል እየተነጻጸረ ተፈተነ፤ በ1994 በጀርመን ለሶሪያሲስ ሕክምና ተፈቀደ፤ ከዚያው ወገን የሆነው ዳይሜትል ፉማሬትም በ2013 በአሜሪካ መልቲፕል ስክሌሮሲስ ለተባለው የነርቭ ሕመም፣ በ2017 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ለሶሪያሲስ ተፈቀደ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። ሕሙሙ ያየው ነገር እውነት ሆነ፤ የሰጠው ምክንያት ግን ስሕተት ነበር። መድኃኒቱ የሚሠራው የጎደለ አሲድ በመሙላት ሳይሆን የመከላከያ ሕዋሳትን ጠባይ በመለወጥ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ዋጋውም አለው፤ ብዙ ሕሙማንን ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስይዛል፣ ፊት ያቀላል፣ የደም ነጭ ሕዋሳትንም ይቀንሳል። ከዚህም መቀነስ የተነሣ ብርቅ ቢሆንም ገዳይ የሆነ የአንጎል ልክፍት የደረሰባቸው ሕሙማን በ2013 ተዘግበዋል። ስለዚህ ደም ሳይመረመር የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም።

ስለ አንጀትም ቢሆን የሕሙማኑ ጥርጣሬ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ክሮን የተባለው የአንጀት ብግነት በሶሪያሲስ ሕሙማን ላይ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይታያል። ኢንተርሉኪን 12ንና 23ን የሚገታው ኡስቴኪኑማብ በአሜሪካ በ2009 ለሶሪያሲስ፣ በ2016 ደግሞ ለክሮን ሕመም ተፈቅዷል። ይሁንና ቆዳና አንጀት አንድ ናቸው ብሎ መደምደም ያሳስታል፤ ኢንተርሉኪን 17ን በመግታት የሶሪያሲስን ቆዳ በሚገባ የሚያጠራው ሴኩኪኑማብ በክሮን ሕሙማን ላይ ሲሞከር እንዳልረዳ፣ እንዲያውም ጉዳቱ እንዳመዘነ በ2012 ታትሟል። በአንጀት የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በሕሙማን ዘንድ የተለዩ መሆናቸው ቢታይም፣ መለየታቸው የሕመሙ መነሻ ይሁን ውጤት ገና አልተረጋገጠም።

ምግብን በሚመለከት የአሜሪካ ብሔራዊ የሶሪያሲስ ፋውንዴሽን የሕክምና ቦርድ በ2018 ያወጣው ምክር በጣም የተቆጠበ ነው። ከሁሉ አጥብቆ የመከረው ከመጠን በላይ የወፈሩ ሕሙማን ምግብ ቀንሰው ክብደታቸውን እንዲያወርዱ ነው። ግሉተን የተባለውን የስንዴና የገብስ ፕሮቲን መተውን የመከረው ደግሞ በደም ምርመራ ምልክቱ ለተገኘባቸው ብቻ ነው። ይህ ምክር በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ ሲመጣ ሌላ መልክ ይይዛል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ብዙም የሚተወው ነገር የለም፤ ዱቄቱ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር የተቀየጠ እንደሆነ ግን «እንጀራ ብቻ ነው የምበላ» ማለቱ አያድነውም። በጾም ወራት ቆዳዬ ጠራ የሚለውም ሕሙም ሥጋና ወተት ብቻ ሳይሆን ክብደትና መጠጥም ቀንሶ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ሙከራውን ከመከልከል ይልቅ ሐቀኛ ማድረግ ይሻላል። የካናዳው ሐኪም ጎርደን ጋያትና ባልደረቦቹ በ1986 እንዳሳዩት፣ በአንድ ሕሙም ላይ ብቻ የሚደረግ ሙከራም ሥርዓት ሊኖረው ይችላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ከመለወጡ አስቀድሞ የሕመሙ ስፋት ይመዝገብ፤ የሕሙሙ መዳፍ ከነጣቶቹ ከሰውነቱ ቆዳ አንድ ከመቶ ያህል ስለሚሆን መለኪያው ከእጁ አይርቅም። ለውጡ ለሳምንታት ይጠበቅ፤ ከዚያም የተተወው ምግብ ይመለስና ሕመሙ ያገረሽ እንደሆነ ይታይ። አንድ ጊዜ የተገኘ ፋታ ምስክር አይሆንም፤ ሕሙም ሙከራ የሚጀምረው ሕመሙ በበረታ ጊዜ ነውና፣ ምንም ባያደርግ እንኳ የሚመጣውን ፋታ ለሙከራው ይቆጥርለታል።

ሊጣስ የማይገባው ድንበርም አለ። የሚዋጥ ኮርቲዞን በድንገት የተቋረጠ እንደሆነ ሕይወትን የሚያሰጋ መግል የቋጠረ ሶሪያሲስ ሊነሣ ይችላል። ጠዋት ጠዋት የሚተሳሰር መገጣጠሚያ በምግብ ሙከራ የሚጠበቅ ሳይሆን ፈጥኖ መታከም ያለበት ነው፤ የፈረሰ መገጣጠሚያ አይመለስምና። ሕሙሙ ምግቡን ከመክሰሱ በፊትም የጉሮሮ ሕመም ደርሶበት እንደሆነ፣ ክሎሮኪን፣ ሊቲየም ወይም ቤታ ብሎከር ወስዶ እንደሆነ ይጠየቅ፤ እነዚህ ሁሉ ሕመሙን ይቀሰቅሳሉና።

የተከበራችሁ አባላት፤

ሽቬክንዲክን ተመልክቶ «ኬሚስት የቆዳ ሕክምና ምን ያውቃል?» ብሎ ያለፈው ባለሙያ ቢኖር አንድ መድኃኒት አልፎታል። ቃሉን ሳይፈትን የተቀበለውም ቢሆን የተሳሳተ ምክንያት ወርሷል። ደብተሩን ይዞ የሚመጣ ሕሙም የሚሻው የሚስቅበትን ወይም ዝም ብሎ የሚያጨበጭብለትን ሰው አይደለም። የሚሻው ደብተሩን ተቀብሎ አብሮት የሚያነብለትን ባለሙያ ነው።