ግማሽ ሆድ ይዞ መኖር፤ ትርጉሙና ጉዳቱ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




ረሃብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የ1977 ዓ.ም. ዕልቂትን ነው። ነገር ግን ሰው ሳይሞት፣ ሳይጠግብም ለወራት የሚኖርበት ሌላ ረሃብ አለ። ይህ በነሐሴ ጎተራ ሲራቆትና ሦስቱ ገበታ ወደ አንድ ሲወርድ በየቤቱ የሚገባው ነው። ሬሳ ስለማይወጣበት ወሬ አይሆንም።

ጉዳቱ ግን በጥናት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር አንሴል ኪስ የተመራ ቡድን 36 ጤነኛ ወጣት ፈቃደኞችን፣ ከለመዱት ምግብ ግማሽ ያህሉን ብቻ እየሰጠ ለ24 ሳምንታት ተከታተለ። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የልብ ምታቸው ቀነሰ፤ በሙቀት ወራት ሳይቀር በረዳቸው፤ እግራቸው አበጠ። ጠባያቸውም ተለወጠ። ተጫዋቹ ዝምተኛ፣ ታጋሹ ቁጡ ሆነ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። እንደገና መብላት ሲጀምሩም ለማገገም ወራት ፈጀባቸው።

እነዚህ ወጣቶች ሐኪም አጠገባቸው ነበር፤ ማብቂያውንም ያውቁ ነበር። ገበሬው ግን በዚያው ባዶ ሆዱ ያርማል። የደከመ ጉልበት ማሳውን በወቅቱ አያርምም፤ ያልታረመ ማሳ ምርቱ ያንሳል፤ ያነሰ ምርት ለሚቀጥለው ክረምት አይደርስም። ከዚያ በሬው ይሸጣል፣ ዘሩ ይበላል፣ ልጁ ከትምህርት ይቀራል። እርጉዝ እናት ስትራብ ደግሞ ጉዳቱ ላልተወለደው ይተርፋል።

ስለዚህ በስብሰባ የሚያንቀላፋ፣ በልማት ሥራ ወደ ኋላ የሚል አባል ሲገኝ «ሰነፍ ነው» ከመባሉ በፊት ጓዳው ይጠየቅ።

ማኅበራትስ ምን ማድረግ ይችላሉ? ገበሬው በጥር ዕዳና ግብር ለመክፈል እህሉን በርካሽ ይሸጣል፤ በሐምሌ ያንኑ እህል በውድ ይሸምታል። ማኅበሩ ምርቱን በተሻለ ዋጋ ገዝቶ ከፊሉን በመጋዘን ቢያቆይና በክረምት ለአባላቱ በብድር ቢሰጥ፣ አባሉ በሬውን ከመሸጥና ከአራጣ ይድናል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም አንዱ ዓላማም የቤተሰብ ጥሪት እንዳይሟጠጥ መጠበቅ ነበር። የአባሉን ጓዳ ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው ግን ጎረቤቱ ያለበት ማኅበር ነው።

የማኅበር ጥንካሬ የሚለካው በጥር በተሰበሰበው ኩንታል ብቻ አይደለም። በነሐሴ ስንቱ አባል በልቶ ወደ ማሳው እንደወጣም ይቆጠር።

መልካም የምሥረታ በዓል!